በቀጭኑ ወረቀት የተጠቀለለ ሥር

ሰኔ 4 ቀን 2001

ጥፋቱ የካልቶማ ነው። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይሄ እንዳይረሳ መጀመሪያ እሱን እጽፋለሁ።

ካልቶማ ከሰፈራችን በታች ባለው ዲስፔንሰሪ ነርስ ናት። በሚያዝያ "ምዋሊሙን አምጪልኝ፣ ግፊቱን ልለካው" አለችኝ፤ ባሌን ጋልጋሎን ይዤላት ሄድኩ። የከተማው ሰው ሁሉ ምዋሊሙ ነው የሚለው፣ አስተማሪ ስለነበር። ከሚያስሉ ሰዎች መሐል አግዳሚ ላይ እስከ ቀትር አስቀመጠችው። ከዚያ የደም ግፊት አለብዎት ብላ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ሰጠችው። ወደዚያ ሲሄድ የማያስል ሰው በግንቦት ማሳል ጀመረ። ከዚያ አግዳሚ ነው ይዞት የመጣው።

ሳሉ ደረቅ ነው። አክታ የለውም፣ ትኩሳት የለውም፣ ላብ የለውም። ጉሮሮውን በላባ የሚነካካው ሰው ያለ ይመስል ኽ፣ ኽ፣ ኽ ብቻ።

ይህን ደብተር የሰጠኝ እሱ ነው። ካልጻፍሽበት ፊደሉ ይጠፋብሻል አለኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ፣ በተቀደደ የዘይት ካርቶን ላይ ነው። አስተማሪዬ ጋልጋሎ ነበር። እዚህ ስሕተት የሚያገኝ ሰው ካለ እሱን ይጠይቅ።

ሰኔ 9

ጋልጋሎ የአካባቢው ሹም ጋ፣ ቺፉ ጋ፣ ያስተረጉማል። ከድንበሩ ማዶ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ነጋዴ በአማርኛ ይከሳል፣ ከብት አርቢው በኦሮምኛ ይመልሳል፣ ቺፉ በስዋሂሊ ይፈርዳል፤ በሦስቱ መሐል የሚቆመው የእሱ ድምፅ ነው። የምንኖረው በዚያ ድምፅ ነው።

ዛሬ ጎረቤቴ ቆቲሌ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

"ማማ ዋሪቱ! ባልሽ አራተኛ ቋንቋ ጀመረ አሉ።"

"የምን ቋንቋ?"

"ሳልኛ! አንዱ ነጋዴ 'ግመሌን ነዱብኝ' ብሎ ቢጮህ ምዋሊሙ ኽ፣ ኽ፣ ኽ። ቺፉ ምን ቢል ጥሩ ነው? 'ገባኝ፣ ቀጥል።'"

ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ገብቼ ዝንጅብል ወቀጥኩ።

ሰኔ 10

አላስተኛኝም። "ኧረ ዝም በል አንተ ሰውዬ!" አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታውን ሳይጨርስ አሳለ።

ሰኔ 15

እስካሁን የሰጠሁት፦ ከደጋ በሎሪ የሚመጣውን ጦስኝ በማር። ዳማከሴ ጨምቄ። ዝንጅብል ከነጭ ሽንኩርት ጋር። ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሬ አሸተትኩት። የበግ ላት አቅልጬ ትኩሱን አጠጣሁት። እያንዳንዱን አራት አራት ቀን።

ምንም።

ከኦቦ፣ ከኡራን ድረስ ሰው የሚያስል ልጁን አዝሎ እኔ ደጅ ይመጣል። በሞያሌ "ሳል ከያዘህ ማማ ዋሪቱ" ነው የሚባለው። የገዛ ባሌ ግን ደጄ ላይ ተቀምጦ፣ ለመጣው ሁሉ እየተሰማ ያስላል። ትናንት አንዷ እሱን አይታ ልጇን ይዛ ተመለሰች። "ሌላ ቀን እመጣለሁ" አለችኝ።

ሰኔ 21

ዛሬ ካልቶማ በሰው ፊት አዋረደችኝ።

ናይሮቢ ሥልጠና ሄዳ ሰሞኑን ነው የተመለሰችው። በዲስፔንሰሪው ግቢ፣ ግራሩ ሥር፣ እናቶችን ሰብስባ ስለ ሳል ታስተምራለች። በኦሮምኛ ትናገርና በአማርኛ ትደግመዋለች። ቆቲሌ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀች።

"ነርስ ካልቶማ፣ የማማ ዋሪቱ መድኃኒትስ? ያድናል ወይስ ዝም ብለን ነው የምንጠጣው?"

ካልቶማ አየችኝ። ከዚያ ለሁሉም ተናገረች። "እንግዲህ የማውቀውን ልንገራችሁ። ማር በቅርቡ ውጭ አገር ልጆች ላይ ተሞክሮ የማታ ሳል እንደሚያለዝብ ታይቷል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን እንዳትሰጡ። ጦስኝ ከሌላ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ አክታ ላለው ሳል ተሞክሯል፤ ጥሩ ነው ብለዋል። ለደረቅ ሳል ግን ይህ ነው የሚባል ማስረጃ አላየሁም። ዝንጅብል የተሞከረው ይበልጡን እንስሳ ላይ ነው። ላት የሞከረ መኖሩንም አልሰማሁ።"

"እኛ ሞክረነዋል!" አለች አንዷ፤ ተሳቀ።

"መሞከር እንዲህ ነው" አለች ካልቶማ። "የሚያስሉ ሰዎችን ለሁለት ትከፍያለሽ። ለግማሹ ትሰጫለሽ፣ ለግማሹ አትሰጪም። ከዚያ ታወዳድሪያለሽ። ካላወዳደርሽ ምን እንዳዳነው አታውቂም። ብዙው ሳል በሦስት ሳምንት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ምስጋናውን ግን ቅጠሉ ይወስዳል።"

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺስ?" አልኳት። "ዋልዳ ላይ ስድስት ዓመት ሆኖሽ ሳል ሲጥልሽ፣ እናትሽ ሞተችብኝ ብላ ስታለቅስ፣ ማርና ላት ያጠጣሁሽ ማን ነው?"

"አንቺ ነሽ እማማ። አልረሳሁትም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ግን ያም ሳል ቢሆን በራሱ የሚለቅ ሳይሆን አይቀርም።"

ተነስቼ ሄድኩ።

አንድ ነገር ልጻፍ። በዚያው ሰሞን የእኔ ቱሪም ያስል ነበር። አራት ዓመቱ ነበር። የካልቶማ እናት ለመሰለፍ አቅም ስላልነበራት ለልጇ እኔ ማር ሰጠሁ። የራሴን ልጅ ግን ይሻለዋል ብዬ ወደ ሐኪም ድንኳን ወሰድኩት። ሰው ብዙ ነበር። ሁለት ቀን ተሰለፍኩ። በሦስተኛው ቀን ተራዬ ደረሰ፤ ቱሪ አልደረሰም። ካልቶማን ባየኋት ቁጥር ይሄኔ ሃያ አንድ ዓመት ይሆነው ነበር እያልኩ አሰላለሁ። አሁን እሷ ነጭ ልብስ ለብሳ ማስረጃሽ የታለ ትለኛለች።

ሐምሌ 3

ሙከሚል ሱቅ ሄድኩ። ከናይሮቢ ዕቃ አራግፎ እያራገበ ተቀምጧል። ቢጫ ቃጫ ያለው የእንጨት ቁራጭ ሰጠኝ።

"እማማ ዋሪቱ፣ ይሄን አኝኪ።"

"ጥርሴን ጨርሼ እንጨት ልታበላኝ ነው?"

"ዒርቀ ሱስ ነው። ዐረቦች በጾም የሚጠጡት። ለረመዳን አስቀድሜ አስመጣሁት። ለጉሮሮ እንደ ቅቤ ነው።"

አኘክሁት። ከስኳር ይጣፍጣል።

"ማስረጃ አለው?" አልኩት።

"የምን ማስረጃ?" ገረመው። "አባቴ ይሄን እያኘከ ሰማንያ ዓመት ኖረ።"

"አባትህን ግመል ረግጦት አይደል የሞተው?"

"እሱማ ልክ ነው። ግን ሳያስል ነው የሞተው።"

አንድ ከረጢት ይዤ መጣሁ። ሥሩን ወቅጬ ነፋሁት። ዱቄቱ ለአንድ ለአንድ ኩባያ እንዲበቃ ጠቀለልኩት። መጠቅለያ አላጣሁም። በክኒኑ ካርቶን ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የታጠፈ ቀጭን ወረቀት አለ፤ በግራና በቀኝ ጉንዳን የሚያካክል እንግሊዝኛ ተጽፎበታል። እንግሊዝኛ ፊደል እኔ አላውቅም። ጋልጋሎን ምን ይላል አልኩት። መነጽሩ ላይ ተቀምጦ ከሰበረው ወዲህ ደቃቅ ጽሑፍ አይታየውም። አርቆ ያዘው፣ አቀረበው።

"የፋብሪካው ወሬ ነው" ብሎ መለሰልኝ።

ጥሩ ወረቀት ነው። አይቀደድም፣ ዱቄት አያፈስም። በመቀስ በአራት በአራት ቆረጥኩት።

ሐምሌ 12

ሲጠጣው ሳሉ ይለዝባል። አንድ ሰዓት ያህል። ከዚያ ይመለሳል። በቀን ሦስቴ እሰጠዋለሁ።

ጫማው ጠበበኝ ይላል። ሽማግሌ እግሩ ያብጣል።

ሐምሌ 20

የዲስፔንሰሪ ቀን። አብሬው ገባሁ። ከመግባታችን በፊት "ስለ ሥሩ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ፤ እንደገና አያላግጡብኝም" አልኩት።

ካልቶማ ለካችው። እንደገና ለካችው።

"ጨምሯል ምዋሊሙ። ክኒኑን እየዋጡ ነው?"

"በየቀኑ።"

"ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?"

እኔን አየኝ። "የለም" አላት። እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ።

ከዚያ አሳለ። ካልቶማ እየጻፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። "ዘንድሮ አቧራው ሰውን ፈጀው" አለች። ድርቁን ማለቷ ነው። እውነቷን ነው፣ ዝናብ ከጠፋ ሰማዩ ራሱ ቀይ ሆኗል። ውጭ ሰው ተኮልኩሎ ይጠብቃል፤ ሕፃን ይጮኻል። "ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሁለት ክኒን" ብላ ካርቶን ጨመረችልን።

ሐምሌ 28

ሳሉ ባሰበት። ሁለት ክኒን ከዋጠ ወዲህ ሲያስል እንባው ይወርዳል፤ አንዳንዴ ያስመልሰዋል። ሥሩን በቀን ስድስቴ አደረግሁት።

ሰሊም ዛሬ ጋልጋሎን ተክቶ ቺፉ ጋ አስተረጎመ። ሰሊም ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ ስዋሂሊውን ያስተማረው ጋልጋሎ ራሱ ነው። ማታ መጥቶ በር ላይ ቆመ። "ምዋሊሙ፣ ለዛሬ ብቻ ነው፤ እስኪሻልህ" ይላል። ጋልጋሎ ሊመልስለት አፉን ከፈተ፣ አሳለ። ሰሊም መሬት መሬት አየ።

"ስትጨርስ ወንበሩንም ውሰድ" አልኩት።

ጋልጋሎ በኋላ ተቆጣኝ። "ልጁ ምን አደረገሽ?" ማንም ምንም አያደርገኝም። ሁሉም ሰው ደግ ነው።

ነሐሴ 2

ጋልጋሎ ዛሬ በሎሪ ኡራን ሄደ። የወንድሙ ከብቶች በድርቁ እያለቁ ነው፤ የቀሩትን ወዴት እንንዳ ብለው ጠሩት። ቸኩሎ ክኒኑን ረሳው። ሥሩንም አልወሰደም። አልጋው ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አገኘኋቸው።

ነሐሴ 8

ቤቱ ጸጥ አለ። እንቅልፍ ጠግቤ ተኛሁ። ልናፍቀው ይገባ ነበር።

ነሐሴ 25

ትናንት ተመለሰ። ፀሐይ አጥቁሮታል፣ ከስቷል። ጫማው ልኩ ሆኗል። ከወንድሙ ከብቶች የተረፉት አራት ናቸው። ይሄን ሁሉ ተቀምጦ ነገረኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ግማሽ ላይ ነው ያስተዋልኩት፤ አላሳለም።

"ሳልህስ?"

እሱም ያኔ ነው የታወሰው። "እዚያ በደረስኩ በሁለት ሳምንት ጠፋ" አለ። "የግመል ወተቱ ይሆናል።"

ኡራን ከሞያሌ የባሰ አቧራ ነው።

ጳጉሜን 3

ከመጣ ጀምሮ ክኒኑን እየዋጠ ነው። ዛሬ ጠዋት፣ ኽ። ከሰዓት በኋላ፣ ኽ፣ ኽ።

እንጨት እየፈለጥኩ ነበር። መጥረቢያውን አስቀመጥኩ።

ጳጉሜን 4

ካልቶማ "ካላወዳደርሽ አታውቂም" አለች። እሺ። አወዳደርኩ።

ሚያዝያ ክኒን ጀመረ፤ ግንቦት አሳለ። ሐምሌ ክኒኑ እጥፍ ሆነ፤ ሳሉ እጥፍ ሆነ። ነሐሴ ክኒን የለም፤ ሳል የለም። ተመለሰ፣ ዋጠ፣ አሳለ። አንድ ሰው ነው፤ ግን ሁለቱም ወገን እሱ ላይ ነው፣ የተሰጠውም ያልተሰጠውም።

አግዳሚው አይደለም። አቧራው አይደለም። ክኒኑ ነው። የካልቶማ ክኒን።

ይሄን መስመር ሁለቴ ጻፍኩት። ደስታ ነው መሰለኝ።

ለእሷ ልንገራት? ሄጄ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልቁምና "ሳሉን ያመጣሽበት አንቺ ነሽ" ልበላት? ትስቃለች። "ማስረጃው አንድ ሰው ብቻ ነው እማማ" ትለኛለች። ወይም "ምዋሊሙን ላድን ብዬ ሰጠሁ" ብላ ታለቅስ ይሆናል፤ እሱም ያስጠላኛል። አይሆንም። መጀመሪያ ይዳን። ድኖ ይያት። ያኔ እሷ ትምጣና ትጠይቀኝ።

መስከረም 1 ቀን 2002

ቺፉ መልእክት ላከ። መስከረም 22 የሁለቱ አገር ሽማግሌዎች ስለ ውኃና ስለ ግጦሽ ትልቅ ባራዛ፣ የአደባባይ ሸንጎ፣ ይቀመጣሉ። ቀኑን ሙሉ ነው። "ምዋሊሙ ከተሻለው እሱ ነው የሚያስተረጉመው፤ ካልሆነ ሰሊም፤ ከዚያ በኋላም ሰሊም" ይላል።

ጋልጋሎ ሸሚዙን አውጥቶ አየ። መልሶ አስገባ።

ክኒኑን ጠየቀኝ። "ዲስፔንሰሪው አልቆበታል፣ እስኪመጣ ጠብቁ ብለዋል" አልኩት። ዕቃ ሁልጊዜ ያልቃል፤ አልጠረጠረም። ካርቶኖቹ እህል ማስቀመጫው ውስጥ ናቸው፣ ማሽላው ሥር።

ሥሩን ግን አልተውኩም። ለጉሮሮው ጥሩ ነው።

መስከረም 9

ሳሉ እየቀለለ ነው።

ማጅራቱን ያሻል። ራሴን ያዘኝ ይላል፤ እንቅልፍ አጥቶ ስለከረመ ነው።

መስከረም 16

ትናንት ከጠዋት እስክንተኛ አንዲት ጊዜ አላሳለም። ዛሬም። እግሩ አብጧል፣ ሰንደል አደረገ። ቆቲሌን በአጥሩ በኩል አነጋገርኳት። "ሳልኛ ረሳ" አልኳት። ሣቀች። ከሰዓት ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ።

መስከረም 19

ካልቶማ መንገድ ላይ አገኘችኝ።

"እማማ፣ ምዋሊሙ ለክኒን አልመጣም። በደንብ እየዋጠ ነው?"

"በደንብ።"

"ሳሉ ለቀቀው አሉኝ። ምን ሰጠሽው?" ስታላግጥ አይደለም። ከኪሷ ወረቀት አወጣች። "ልጻፈው። እውነቴን ነው፤ ያን ቀን እንደዚያ መናገር አልነበረብኝም። አንቺም የምታውቂው አለ፣ እኔም የማላውቀው አለ።"

ሌላ ሴት ይሄን ብትሰማ ምን ታደርግ እንደነበር አላውቅም። እኔ "ቅጠል ነው" አልኳት። "ቅጠል ብቻ።"

"የትኛው?"

"ማስረጃ የሌለው።"

ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

መስከረም 22

ባራዛው ላይ እኔም ነበርኩ፣ ከሴቶቹ ጋ ከኋላ።

ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ቆሞ አስተረጎመ። አንዱ ሽማግሌ ሲቆጣ ቁጣውን ሳይሆን ነገሩን ያሻግራል። አንዱ ሲሰድብ ስድቡን ውኃ አጠጥቶ ያሻግራል። አንድ ጊዜ ሁለቱም ወገን እኩል ሳቁ፤ ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። በአርባ ሦስት ዓመቴ ካርቶን ይዤ ከፊቱ የተቀመጥኩት ለዚህ ድምፅ ነው። ለማንም ነግሬው አላውቅም፣ ለእሱም።

አላሳለም። አንዲት ጊዜ።

ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ። ፀሐዩ ነው። ሲጨርስ ቺፉ እጁን ይዞ ወደ እኛ አመጣው። "ማማ፣ ዳክታሪው አንቺ ነሽ!" አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ካልቶማም ከዳር ቆማ ታጨበጭብ ነበር። ዓይኗን ፈልጌ አየኋት። እንድታይልኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ "ራሴን ትንሽ" አለ። ሥሩን አፈላሁለት።

መስከረም 25

ጠዋት። ሻይ ፈሰሰበት። ኩባያው በቀኝ እጁ ነበር። ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ወርዷል። ምን ሆንክ አልኩት። መለሰልኝ፤ ግን ቃል አይደለም። ቆቲሌ ቦዳቦዳ ጠራች። ሞተሩ ላይ ከመሐል አስቀመጥነው፤ እኔ ከኋላው አቀፍኩት። ከበደኝ።

መስከረም 26

ሆስፒታል። ግፊቱን የለካው ልጅ ያየውን አላመነም፤ ሌላ ሰው ጠርቶ አስለካ። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሷል ይላሉ።

"የግፊት መድኃኒት ይወስድ ነበር?"

"አዎ።"

"አቋርጦ ነበር?"

"አላቋረጠም" አልኩ።

መስከረም 30

ዓይኑን ይከፍታል። ያውቀኛል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ የእሱ አይደሉም። አፉን ይከፍታል፣ ይጥራል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ ይወጣል። ሐኪሙ "የምትሉትን ሊሰማ ይችላል፤ መናገሩ መመለሱን እንጃ" አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

ጥቅምት 6

ቤት አመጣነው። ካልቶማ በየቀኑ እየመጣች ታገላብጠዋለች፤ ብቻዬን አልችለውም። አዲስ ክኒን ይዛ መጣች፤ ሳጥኑ የተለየ ነው። ዛሬ ውኃ ልትቀዳለት መደርደሪያው ጋ ስትሄድ ጥቅልሎቹን አየች። አንዱን ፈታች፣ አሸተተች፣ በምላሷ ነካችው።

"ይሄ ምንድን ነው እማማ?"

"ጣፋጭ ሥር። ሙከሚል ያመጣው።"

"እሱ ይጠጣው ነበር?"

"አዎ።"

"በቀን ስንት ጊዜ?"

"ሦስት። በኋላ ስድስት።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "ይሄ ሥር ሲበዛ ግፊት ይጨምራል። ውኃ በሰውነት ውስጥ ያግዳል። ለዚያ ነው እግሩ…" አልጨረሰችውም። "ይሄ ደግሞ ማስረጃ ያለው ነገር ነው። እኔ የግፊቱን መድኃኒት እጨምራለሁ፤ ይሄ ግፊቱን መልሶ ያወጣዋል።"

ከዚያ ወረቀቱን አየችው። ዱቄቱን አራግፋ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፣ በመዳፏ አስተካከለችው። የጎደለውን ቁራጭ ከሌላ ጥቅልል ፈልጋ አጠገቡ አደረገች። ጣቷ መሐል ላይ ቆመ።

"እዚህ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?"

"የፋብሪካው ወሬ ነው።"

ቀስ እያለች በአማርኛ ነገረችኝ። ክኒኑ አንዳንድ ሰው ላይ የማያቋርጥ ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ።

የሳል መድኃኒቴን የጠቀለልኩበት ወረቀት ነው። በመቀስ የቆረጥኩት።

"ሳል የማያመጣ ሌላ ክኒን አለ" አለች። "ያኔም መደርደሪያዬ ላይ ነበር።"

ያን ጊዜ ነገርኳት። የኡራኑን፣ ያወዳደርኩትን፣ አልቋል ያልኩትን፣ ማሽላው ሥር ያለውን። ጋልጋሎ ተኝቶ ነበር። ወይም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የምመልሰው ነበረኝ። አልጮኸችም።

"ትክክል ነበርሽ እማማ" አለች። "ከእኔ ቀድመሽ ደረስሽበት። እኔ ፊቴ ቆሞ ሲያስል አቧራ ነው ብዬ አለፍኩት። የሚጠየቅ ነበር፤ አልጠየቅኩም።" ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። "ግን ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?"

ውኃውን ከእጇ ተቀብዬ እኔ አጠጣሁት።

ጥቅምት 13

ሰሊም መጣ። ትልቁን ወንበር አልነካውም፣ መሬት ተቀመጠ። ስለ ባራዛ አወራ፣ ስለ ዝናብ አወራ። መሐል ላይ እንደ ልማዱ "ምዋሊሙ፣ ያንን ቃል በስዋሂሊ እንዴት ነበር የምትለው?" ብሎ ጠየቀ። ጋልጋሎ ሊነግረው ተነሳ። በግራ እጁ አልጋውን ይዞ፣ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑ እስኪቀላ። ቃሉ እዚያ ውስጥ እንዳለ ያየዋል ሰው።

ሰሊም ወጥቶ አጥሩ ጋ ቆሞ አለቀሰ። ወንበሩንም ውሰድ ያልኩትን አስታወሰ ይሆን?

ጥቅምት 14

ቱሪን ለወረፋ ሰጠሁ። ጋልጋሎን ከወረፋ አስቀረሁ።

ጥቅምት 19

ቆቲሌ የልጅ ልጇን አዝላ መጣች። ደረቅ ሳል ነው። እሷ አሁንም ታምነኛለች፤ ምን እንደሆነ አታውቅም። ጋልጋሎን አንጎሉ ነው የመታው ብላ ታዝንልኛለች።

"ጦስኙን ስጪኝ፣ ያንን የምዋሊሙን ሳል ያጠፋውን" አለችኝ።

"ካልቶማ ጋ ውሰጃት።"

"ከካልቶማ ጋ ታረቃችሁ እንዴ?"

"ውሰጃት አልኩሽ።"

ሄደች። ልጅቷ መንገዱን ሁሉ ስታስል ይሰማኛል። ጋልጋሎም ሰማ። ራሱን ወደ በሩ አዞረ፣ ከዚያ ወደ እኔ። ስንት ሳምንት የሳል ድምፅ አልተሰማም እዚህ ቤት። ከእሱ ጉሮሮ አንዲት ኽ ብትወጣ ብዬ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ጥቅምት 23

ደብተሩ ሊያልቅ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩት። ጥፋቱ የካልቶማ ነው ይላል። በእስክሪብቶ ስለተጻፈ አይጠፋም፤ ገጹንም አልቀድደውም። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ የሚጽፍ ሌላ ሰው ካለ ይጻፈው፤ እኔ ፊደሌ እስከዚህ ነው።

ጠዋት ሳጥበው አንድ ነገር ሊለኝ ሞከረ። ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ ምራቁ አገጩ ላይ ወረደ፤ እንደ በግ ያለ ድምፅ ብቻ ወጣ፤ አላቆመም፣ ደጋገመው፤ ጎረቤትም ሳይሰማ አልቀረም። ፎጣውን ይዤ እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

ሥር አልወቅጥም። ለማንም ሳል አልቀምምም። እሱንም ከእንግዲህ ዝም በል አልለውም።